ባሕር ላይ የቀረ መርከበኛ መዝገብ የለውም ይባላል

በብሪታንያ ቅድመ አያታቸው በጦርነት ባሕር ላይ የቀሩባቸው ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ፍለጋውን ሳይጀምሩ ይተዉታል፤ ሬሳው ያልተገኘ ሰው መዝገቡ ከየት ይገኛል በሚል። ሐዘን የወለደው ጥያቄ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም፤ መልሱ ግን ሬሳውን ትቶ ደመወዙን መከተል ነው። የንጉሣዊው ባሕር ኃይል መርከበኛ ሲቀጠር ቁጥር ይሰጠው ነበር፤ የተሳፈረባቸው መርከቦች፣ ማዕረጉና ጠባዩ ይመዘገቡለታል፤ ሲሞትም ቀሪ ሒሳቡ ለወራሽ መድረስ ስላለበት ቀኑ ይጻፋል። ሁድ የተባለችው የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1941 ስትሰጥም ከ1,418 ሰዎች የተረፉት 3 ብቻ ናቸው፤ የሟቾቹ ስም ግን አልጠፋም። "የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መዝገብ በ1940 በቦምብ ተቃጥሏል" የሚለው ወሬም ግማሽ እውነት ነው። ለንደን ውስጥ የተቃጠለው የምድር ጦር ወታደሮች መዝገብ ነው፤ የመርከበኞቹ ዛሬም ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ።

ይልቅ ፍለጋውን የሚያስተው የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው። ስሙ በቻተም፣ በፖርትስመዝ ወይም በፕሊመዝ መታሰቢያ ላይ የተቀረጸ መርከበኛ እዚያ ተወለደ ወይም ሞተ ማለት አይደለም፤ የተመደበበት ወደብ ነው። ባሕር ላይ የሞተ ሁሉም የባሕር ኃይል አባል አልነበረም። የንግድ መርከብ ሠራተኞች መታሰቢያ ለንደን፣ ታወር ሂል ነው። በ1917 ከሜንዲ መርከብ ጋር የሰጠሙት ከ600 በላይ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ደግሞ ለምድር ጦር የተመለመሉ የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ፤ ስማቸው የሚነበበው ሳውዝሃምፕተን፣ ሆሊብሩክ ላይ ነው። በተቃራኒው ጋሊፖሊ ምሽግ ውስጥ የወደቁ የባሕር ኃይል ሰዎች አሉ። ስለዚህ የት ሞተ ከማለት በፊት ማን ቀጠረው ማለት ይቀድማል።

መዝገቡ ለሁሉም እኩል አልተጻፈም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክልም ነው። የኮመንዌልዝ ጦር መቃብር ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 116,000 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሟቾች፣ በአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፣ በስም እንዳልታሰቡ አምኗል። ይህ በደል ነው፤ ሰበብም የለውም። ነገር ግን ከመታሰቢያ የተዘለለ ሰው ከቅጥር ወረቀት ሁሉ ተዘሏል ማለት አይደለም። በ1915 የንግድ መርከቦች የሠራተኞች ዝርዝር ላይ የሰውየው ዕድሜና የትውልድ ቦታ ጭምር ይገኛል። የሩቅ አገር ስም ጸሐፊው እንደሰማው ስለሚጻፍ፣ በስም ብቻ የፈለገ ሊያጣው ይችላል፤ በመርከቧ ስምና በጉዞው ጊዜ መፈለግ ይሻላል።