ሟች ተቈጥሮ ገዳይ ሳይጠየቅ

መርካቶ፣ ታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተጐራብተው የሚኖሩበት፣ ከየአውራጃው የመጣ ነጋዴ፣ ደላላና ተሸካሚ ከንጋት እስከ ምሽት ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋበት ሰፈር ስለ ሆነ፣ በአገር ላይ የሚነሣ ደስታም ሆነ ቍጣ ከሌላው ስፍራ ቀድሞ እዚያ ይሰማል፤ መንግሥትም ሕዝቡን በሚፈራበት ቀን አድማ በታኙን ፈጥኖ የሚያሰልፈው እዚያው ነው። ስለዚህም ፖሊስ በዜጋ ላይ ስለሚያደርሰው በደልና በዳዩም ስለሚጠየቅበት መንገድ ክርክር በተነሣ ቍጥር፣ የሕግ ዐዋቂዎች በጉባኤ አዳራሽ ከሚናገሩት በፊት የምናለሽ ተራ፣ የሸማ ተራና የሰባተኛ ሰዎች በዐይናቸው ያዩት ምስክርነት ሊሰማ ይገባዋል።

በ1997 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ የቅርብ ጊዜ ታሪክ በመሆኑ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ቤቱ በገባበት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዋና ከተማዋ ለአንድ ወር ሰልፍም ሆነ የአደባባይ ስብሰባ እንዳይደረግ ከለከሉ፤ የከተማዋም የጸጥታ ኃይሎች በቀጥታ በእርሳቸው ትእዛዝ ሥር እንዲሆኑ ዐወጁ። የድምፅ ቈጠራው ውዝግብ እየከረረ ሄዶ በግንቦት መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞ ሲያሰሙና ሲታፈሱ፣ ነገሩ ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ረቡዕ ሰኔ 1 ቀን መርካቶ ደረሰ፤ በዚያም ቀን ጥይት ተተኰሰ። ክረምቱ አልፎ፣ የተቃዋሚው የቅንጅት መሪዎች የታክሲ ነጂዎች ጥሩንባ እያሰሙ ተቃውሟቸውን እንዲገልጹ ከጠሩ በኋላ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ግጭቱ ዳግመኛ በመርካቶ ተቀሰቀሰና ወደ ሌሎቹ ሰፈሮች ተዛመተ።

እንዲህ ያለ ቀን መርካቶ ላይ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው በቀላሉ አይገባውም። አንድ ሱቅ የብረት መዝጊያውን ሲጥል ድምፁን የሰማ ጎረቤት የእርሱን ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ መላው ተራ በአንድ ትንፋሽ ይዘጋል፤ በጀርባው ጣቃ የተሸከመው ልጅ ሸክሙን መንገድ መካከል አውርዶ፣ ዕቃው የማን እንደ ሆነ እንኳ ሳያስብ ወደሚያገኘው ቀዳዳ ይሮጣል፤ ሱቅ ውስጥ የቀሩት ደንበኛና ባለሱቅ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ከውጭ የሚመጣውን የጫማ ኮቴና የቆመጥ ድምፅ ያዳምጣሉ። ድንጋይ የወረወረውና ምንም ያልወረወረው፣ ሰልፍ የወጣውና ለልጁ ደብተር ሊገዛ የመጣው፣ በዚያች ሰዓት ለተኳሹ አንድ ናቸው። ከዚህም በኋላ አፈሳው ይቀጥላል። በ1998 ዓ.ም. በሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች ከየመንደራቸው እየታፈሱ እስከ ደዴሳ ካምፕ ድረስ ተጋዙ፤ እናቶችም ልጆቻቸው የት እንደ ገቡ ሳያውቁ ከጣቢያ ጣቢያ ተንከራተቱ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ከተኩሱ ባልተናነሰ ልብ ሊባል የሚገባው ይመስለኛል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተፈጸመውን የሚመረምር አጣሪ ኮሚሽን በዐዋጅ አቋቋመ፤ ኮሚሽኑም የጸጥታ ኃይሎች የተጠቀሙት ኃይል ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነና እንዳልሆነ፣ ሕገ መንግሥቱና ሰብአዊ መብት ተጠብቀው እንደ ሆነ፣ በሕይወትና በንብረትም ላይ የደረሰውን ጉዳት እንዲያጣራ ታዘዘ። ኮሚሽኑ ሠራ፤ ሕዝቡንም አነጋገረ፤ ሬሳም ቈጠረ። 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሲቪሎችና 71 ፖሊሶች መቍሰላቸውን አረጋገጠ። ይህ ቍጥር መንግሥት አስቀድሞ ከተናገረው እጅግ የበለጠ ነበረ። ነገር ግን በጥቅምት ወር 1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት፣ ያ ሁሉ ሰው ሞቶ ሳለ፣ የጸጥታ ኃይሎች የወሰዱት ርምጃ ከመጠን ያላለፈ ነው የሚል መደምደሚያ ይዞ ወጣ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ግን አስቀድመው አገር ጥለው ተሰደው ነበርና፣ ኮሚሽኑ በመጀመሪያ 8 ለ2 በሆነ ድምፅ ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ወስኖ እንደ ነበረ፣ ውሳኔውንም እንዲለውጥ ጫና እንደ ተደረገበት በውጭ ሆነው መሰከሩ።

አንባቢ ሆይ፤ የአገራችን ሰው በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ሲል የኖረው፣ ከጉዳቱ ይልቅ የፍርድ መታጣት የሰውን ልብ እንደሚያቈስል ስለሚያውቅ ነው። በዚያው ዘመን የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞች ከመቶ በላይ ሆነው ተከሰው፣ ከመካከላቸውም አያሌዎቹ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው፣ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ፤ ስለ 193ቱ ሟቾች ግን ተኩስ ያዘዘ ሹም በግልጽ ችሎት ቆሞ ሲጠየቅ ሕዝቡ አላየም። እኔ የምለውም ይህንን ነው፤ አገራችን የፖሊስን በደል በተመለከተ የጐደላት ዋናው ነገር የሕግ አንቀጽ አይደለም፣ የሟችም ቍጥር አይደለም፤ ትእዛዝ ሰጪውን በስሙ ጠርቶ የሚጠይቅ፣ ከፖሊስም ከሹመኛም ነጻ የሆነ መርማሪ ነው።

የሕግ አንቀጽስ ሞልቶናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅን፣ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብን፣ በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብንና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግን መብት ያጐናጽፋል። በ1983 ዓ.ም. የወጣው የሰላማዊ ሰልፍ ዐዋጅ ቍጥር 3 ሰልፈኛው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያስታውቅ እንጂ ፈቃድ እንዲለምን አላዘዘም፤ ዳሩ ግን በአሠራር ማስታወቂያው ወደ ፈቃድ ልመና ተለወጠና፣ ያልተፈቀደ የተባለ ሰልፍ ሁሉ ዱላ የሚገባው ሆኖ ተቈጠረ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 የተያዘን ሰው በጭካኔ የሚያንገላታ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 73 እና 74 ደግሞ ወንጀል እንዲፈጸም ያዘዘው አለቃ ተጠያቂ መሆኑን፣ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውም የበታች ከተጠያቂነት አለመዳኑን ይናገራል።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የናቡቴ ታሪክ ይህንኑ ነገር ከሁሉ አስቀድሞ አስተምሮናል። ናቡቴን በድንጋይ የወገሩት የከተማው ሰዎች ናቸው፤ በሐሰት የመሰከሩበትም ምናምንቴዎች ናቸው፤ ነቢዩ ኤልያስ ግን ወደ ወጋሪዎቹ አልሄደም፤ በማኅተሙ ደብዳቤ ወደ ተጻፈበት፣ በሟቹም ርስት ወደ ከበረው ንጉሥ ሄዶ ነፍስ ገዳይነቱን ፊት ለፊት ነገረው። የእስልምናም አባቶች የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በስደት ወደ ሐበሻ የመጡት ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለ ተብለው እንደ ሆነ ይተርካሉ። በአንድ አጥር ግራና ቀኝ የሚጸልዩት የመርካቶ ምእመናን ሁለቱም ከየመጽሐፋቸው የተማሩት ሥልጣን ያለው ሰው ስለ ደመ ንጹሐን መጠየቁን ነው።

ነገሩ የ1997ቱ ብቻ አለመሆኑን አንዋር መስጊድ ራሱ ይመሰክራል። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የሙስሊሞች ሰላማዊ ተቃውሞ በየጁምዓው ወደዚያ ግቢ ይጐርፍ ነበረና ዱላውንም እስሩንም ቀመሰ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመዲናዋን ዙሪያ በያዘው በሸገር ከተማ መስጊዶች መፍረሳቸውን የተቃወሙ ሰጋጆች ግንቦት 18 እና ግንቦት 25 ቀን፣ በሁለት ተከታታይ ጁምዓዎች፣ በአንዋር መስጊድና በአካባቢው ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ተጋጭተው ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰውም ቈሰለ። መንግሥት ተለውጧል፤ መሪዎች ተለውጠዋል፤ የፖሊሱ ልብስ እንኳ ተለውጧል፤ ከሶላት የወጣ ሰው በጥይት ቢወድቅ ቤተሰቡ ወዴት ሄዶ እንደሚከስ ግን አልተለወጠም፤ የሚሄደው እዚያው የተኳሹ ባልደረቦች ወደ ተቀመጡበት ጣቢያ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን በ1992 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 210 ተቋቁሞ፣ በ2012 ዓ.ም. በተሻሻለው ዐዋጅ ነጻነቱ ጠንክሮለታል፤ ይመረምራል፣ ሪፖርትም ያወጣል፤ ነገር ግን ክስ የመመሥረት ሥልጣን የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ዐቃቤ ሕግም ማስረጃውን የሚሰበስብለት ያው ፖሊስ ነው። ተጠርጣሪው የራሱን መዝገብ የሚያደራጅበት ሥርዐት ፍትሕን ይወልዳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሌሎች አገሮች ከዚህ አዙሪት ለመውጣት የሞከሩትን ማየት ይጠቅማል። ጎረቤታችን ኬንያ ከ2007ቱ ምርጫ (እንደ እነርሱ አቈጣጠር) በኋላ ከሺህ በላይ ሰው ካለቀባት ወዲህ፣ በዳኛ ዋኪ የሚመራው ኮሚሽን ፖሊስ ከገዳዮቹ መካከል መሆኑን መሰከረና፣ በ2011 በወጣ ሕግ ፖሊስን የሚመረምር ነጻ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2024 በናይሮቢ በግብር ምክንያት የተነሣው ሰልፍ ዳግመኛ በጥይት መመለሱ እንዲህ ያለ ተቋም ብቻውን ጥይትን እንደማያስቀር ያሳያል፤ ሆኖም የሟች ወላጅ ከጣቢያው ሌላ የሚያንኳኳው በር አግኝቷል። በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ጆርጅ ፍሎይድ በ2020 በፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞት፣ የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ሰውየው በሕመም ምክንያት እንደ ሞተ ይናገር ነበር፤ መንገደኛ የነበረች አንዲት ልጅ በስልኳ ያነሣችው ምስል ባይኖር ኖሮ ዴሪክ ሾቪን 22 ዓመት ከመንፈቅ ባልተፈረደበት ነበር።

ስለ ፖሊሱም የምለው አለኝ፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በ1997 እና በ1998 የሞቱት 6 ፖሊሶች የእናት ልጆች ነበሩ፤ የእነርሱም ገዳይ በሕግ ፊት መጠየቅ ነበረበት። በትንሽ ደመወዝ በጠባብ ክፍል የሚኖረው፣ ከሌሊት ጥበቃ ሳያርፍ በማግስቱ ቍጡ ሕዝብ ፊት የሚቆመው ኮንስታብል፣ ሰልፍ የሚበተንበትን ጥበብ ሳይማር ጥይት የጐረሰ ጠመንጃ ተሰጥቶት ከተላከ፣ ከሁለቱ ወገን በአንዱ ደም መፍሰሱ አይቀርም። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 (እ.ኤ.አ.) በሃቫና ያጸደቀው መርሕ ፖሊስ ሕይወት ለማዳን ሌላ መንገድ ሲያጣ ብቻ ለመግደል እንዲተኩስ የሚወስነው፣ ሰልፈኛውንም ፖሊሱንም ለመጠበቅ ነው። የፖሊሱ ስምና መለያ ቍጥር በደረቱ ላይ በግልጽ ቢነበብ፣ የተሰጠው ጥይትና የመለሰው ጥይት በመዝገብ ቢሰፍር፣ ማን አዝዞት እንደ ተኰሰ ቢጻፍ፣ ሐቀኛው ፖሊስ በጨካኙ ስም ከመጠራት ይድናል።

አሁን አንድ በር ተከፍቷል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት እንዲቋቋሙ ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 28 ያለፍርድ መግደልን፣ ማሰቃየትንና ሰውን መሰወርን የመሳሰሉ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም እንደማይታለፉ ስለ ደነገገ፣ ዓመታት አለፉ የሚለው ምክንያት አይሠራም። የአጣሪ ኮሚሽኑ የቃል መዝገቦች ባሉበት ይፈለጉ፤ ለልዩ ዐቃቤ ሕጉም ይተላለፉ። የሚመለከታችሁ ሹማምንት፣ ፖሊስን የሚመረምር ከፖሊስ ውጭ የሆነ ተቋም በሕግ አቋቁሙ፤ ሰልፍን የሚበትኑትንም ሰዎች ስማቸው በሚነበብ ልብስ አልብሱ። የመርካቶ ወገኖቼ ሆይ፤ የሆስፒታል ወረቀት፣ የሞት ማስረጃ፣ የታፈሰ ልጅ የተፈታበት ደብዳቤ፣ በስልክ የተነሣ ምስል ያላችሁ ሁሉ አትጣሉት፤ ቅጂውን አባዝታችሁ ለሁለት ሰው በዐደራ አስቀምጡ፤ ቀኑንና ስፍራውንም ከጀርባው ጻፉበት። ችሎቱ ሲከፈት ይጠየቃልና።