ከአባት የተረፈችውን መኪና ስለ ማደስ

ሰው ከዕለት ሥራው የሚተርፈውን ጊዜ በምን እንደሚያሳልፈው መመልከት የቤቱን ጠባይ ለማወቅ ይረዳል። አንዳንዱ አትክልት ይኰተኵታል፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ያነባል፤ አንዳንዱም በከንቱ ወሬ ጊዜውን ያባክናል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ነገር ግን አሮጌ መኪና ፈትቶ፣ ጠርጎና ጠግኖ እንደ ገና በመንገድ ላይ እንድትሄድ ስለ ማድረግ ነው። ይህ ሥራ እጅን የሚያለማምድ፣ ትዕግሥትን የሚያስተምር፣ ወንድምና እኅትንም በአንድ ጥላ ሥር የሚሰበስብ ስለ ሆነ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መነገሩ ያለ ቦታው አይደለም።

በአሜሪካ አገር ብዙ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚያድሷቸው፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 የወጡትን ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦንና ፎርድ ሙስታንግን የመሳሰሉ ሞተራቸው ከባድ፣ ሩጫቸውም ብርቱ የሆነ መኪናዎችን ነው። በአዲስ አበባ ግን የብዙ ቤት ትዝታ ያለባት መኪና ትንሿ ቮልስዋገን ናት። ይህች መኪና በጀርመን አገር በኢንጂነር ፈርዲናንድ ፖርሽ ንድፍ የተሠራች ስትሆን፣ በብዛት መሠራት የጀመረችው በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1945 ወዲህ ነው። በ1972 በተሠሩት መኪናዎች ብዛት ፎርድ ሞዴል ቲ ይዞት የነበረውን ክብር አለፈች፤ የመጨረሻይቱ በ2003 በሜክሲኮ አገር፣ በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ እስክትወጣም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በአገራችንም ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር።

የእኛ ቤት ቮልስዋገን ባለ 1300 ሞተር ናት፤ አባታችን በ1961 ዓ.ም. ገዝተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ነድተዋታል። እርሳቸው ካረፉ በኋላ በጓሮ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ቆመች። ጎማዋ ተንፍሶ፣ መስኮቷ በአቧራ ተሸፍኖ፣ ዶሮዎች በኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉባት ጀመር። እኛ ሦስቱ ልጆች ግን ስለ እርሷ በተነሣ ቍጥር እንጣላ ነበር። ወንድም ጋሼ ተሽጣ ዋጋዋ የእናታችን ቤት ጣራ እንዲጠገንበት ይፈልጋል፤ እኅታችን የአባታችን ነገር አይሸጥም ትላለች፤ እኛ ደግሞ በመካከል ቆመን ለሁለቱም እሺ እንል ነበር። በዚህ ምክንያት በዓመት በዓል ቀን እንኳ ቡናው ሳይጠጣ የተበተንንበት ጊዜ አለ።

በመጨረሻ ነገሩን የቈረጡት እናታችን ናቸው። «ልጆቼ፣ ይህች መኪና ሦስታችሁንም ከሐኪም ቤት ወደ ቤት ያመጣች ናት። ብትሸጡአትም አልከፋም፣ ብታድሱአትም አልከፋም፤ እንዲህ ቆማ በመበስበሷ ግን በጎረቤት ፊት አፍራለሁ» አሉን። ከዚህ በኋላ ሦስታችን ተቀምጠን ውል አደረግን። ውሉም፦ አንደኛ፣ ጣራው ይቀድማል፤ ሁለተኛ፣ ለልጆች ትምህርት ከተቀመጠው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አይነካም፤ ሦስተኛ፣ ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይሠራል፤ አራተኛ፣ የወጣው ወጪ ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፋል የሚል ነበር። አንባቢዎቻችን ይህን እንደ ትንሽ ነገር እንዳይመለከቱት እንለምናለን፤ ብዙ ሰዎች አሮጌ መኪና ፈትተው በግማሽ የሚተዉት ዕውቀት ስላጡ ሳይሆን የገንዘብና የጊዜ ልክ ስላላበጁለት ነው።

ሥራው በመፍታት ጀመረ። የምንፈታው ብሎንና ዳዶ ሁሉ በየከረጢቱ እየገባ፣ ከየት እንደ ወጣ በወረቀት ተጽፎ ይታሰርበት ነበር። ይህን ሥራ የያዙት ልጆች ነበሩ፤ የዐሥር ዓመቷ የወንድም ጋሼ ልጅ ከሁላችን ይልቅ ጠንቃቃ ሆና ተገኘች። በፊተኛው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ አዲስ ቺንጋና አባታችን ሞተር ዘይት የለወጡበትን ቀን የመዘገቡበት ደብተር አገኘን። ደብተሩን ለእናታችን ሰጠናቸው፤ ቺንጋውን ግን ለምን ይዘውት ይዞሩ እንደ ነበር ያን ጊዜ አላስተዋልንም።

አሁን ስሕተታችንን እንናገራለን። የመጀመሪያው ዓመት ሳይፈጸም፣ መኪናይቱ ለፋሲካ በዓል አምራ እንድትታይ ቸኰልን። የወለሏ ቆርቆሮ በባትሪው ሥር ዝጎ ተበልቶ ሳለ፣ አንድ ባለ ሙያ በስቱኮ እንዲደፍነውና ቀለም እንዲቀባው አደረግን። ጥፋቱን በባለ ሙያው ላይ ልንጥል አይገባንም፤ ያቻኰልነው እኛ ነን። በዓሉ መልካም ሆነ፤ ጎረቤቱም አደነቀ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ግን ቀለሙ እንደ ቍስል አብጦ ተገኘ፤ በካቻቢቴ ጫፍ ብንነካው ወለሉ ተበሳ። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ከፍለን ያስቀባነውን ከፍለን አስፋቅነው። ወንድም ጋሼ በዚያ ቀን ተቈጥቶ መፍቻውን ጥሎ ሄደ፤ ለሦስት ሳምንትም አልመጣም።

ከዚህ የተማርነው ይህ ነው፤ ቀለም ዝገትን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። በቮልስዋገን ላይ ዝገት የሚደበቅባቸው ስፍራዎች የታወቁ ናቸው፤ አንደኛው ባትሪው የሚቀመጥበት ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ወለል ነው፤ ሁለተኛው በሁለቱ ደረት ውስጥ ያለውና ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር የሚያልፍበት ባዶ ብረት ነው። አካሏ ከሻንሲዋ ጋር በብሎን የታሰረ ስለ ሆነ ሊነሣ ይችላል። እኛም በሁለተኛው ዓመት አካሏን አንሥተን፣ የበሰበሰውን ቆርጠን፣ በባትላሜ እጅ አዲስ ቆርቆሮ አስበየድን፤ ባዶው ብረት ዝገት መከላከያ ሳይቀባ ሌላ ቀለም አልነካውም።

ወንድም ጋሼን የመለሰው ሞተሩ ነው። ሞተሯ በኋላ በኩል የተቀመጠ፣ በአራት ብሎኖች ብቻ የታሰረ ስለ ሆነ፣ አውጥተን በጣውላ ላይ ባስቀመጥነው ጊዜ ሊያየው መጣ። ከቆመ ብዙ ዘመን ስለ ነበረው አልዞር ብሎ ነበር። ካንዴላዎቹን ፈትተን በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት አፈሰስንበት፤ በየቀኑም በእጅ እየሞከርን አንድ ሳምንት ያህል ታገሥነው። በስምንተኛው ቀን ወንድም ጋሼ እጁን ሲጭንበት ቀስ ብሎ ዞረ፤ ልጆቹም እልል አሉ። በኃይል ብናዞረው ኖሮ ልንሰብረው እንችል ነበር።

የዚህ ሞተር አሠራር ለልጆች ለማስረዳት ቀላል ነው። ውሃ የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አየሩን የሚነፍሰው መንኰራኵር ዲናሞውን በሚያዞረው በአንዱ ቺንጋ ይዞራል። ስለዚህ ቺንጋው ቢበጠስ ዲናሞው ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውም ይቆማል፤ ቀዩ መብራት ሲበራ ያላቆመ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። አባታችን ያን ቺንጋ በጨርቅ ጠቅልለው ለምን ይይዙት እንደ ነበር የገባን ያን ጊዜ ነው። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ በጊዜው መለወጥ አለበት፤ የቫልቮላዎቹም ክፍተት እንደ ሞተሩ ዓይነት 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ብቻ ይለካል።

ስለ ዕቃዋ ደግሞ እንዲህ ነው። አሮጌውን ዕቃ በእጅ ይዞ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄዶ ማመሳሰል ከሁሉ ይሻላል፤ የብረት ቍርጥራጭና ሌላም ጥቃቅን ነገር በምናለሽ ተራ ይገኛል። ነጋዴው «ይኸው ራሱ ነው» ቢልም እንኳ ጎን ለጎን ሳይለኩ መግዛት አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ስለ ጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ በጓሮ የቆመች አሮጌ መኪና ከቀድሞው ይልቅ በጥንቃቄ የምትጠበቅ ሆናለች።

ከውበት በፊት ግን ደኅንነት ይቀድማል። ክሪክ ብቻ ደግፎ በያዛት መኪና ሥር ማንም ሰው እንዳይገባ፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሊኖር ይገባል። አሮጌው የቤንዚን ቱቦ ተሰንጥቆ በሞተር ላይ ቢያንጠባጥብ እሳት ስለሚያስነሣ ሳይመረመር በአዲስ ይለወጥ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪ ክዳን ይኑረው፤ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ቢነካ ወንበሩ ሊቃጠል ይችላልና። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የቆመው ዘይት ሁሉ ይፍሰስ፤ በየጎማው ያሉት የፍሬን ሲሊንደሮችም ተፈትተው ይታዩ። እኛ ከአራቱ ሦስቱን ደርቀው አግኝተናቸዋል። ያች መኪና ለፋሲካ በተቀባች ጊዜ ሞተሯ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ፍሬን ልጆቹን ጭነን እንወጣ እንደ ነበር ስናስብ ዛሬም ይዘገንነናል።

ሥራው ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ፈጀ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን? ምርመራውን አልፋ ቦሎ በተለጠፈባት ቅዳሜ፣ እናታችንን በፊት ወንበር አስቀምጠን ወደ እንጦጦ ወጣን። ወንድም ጋሼ ይነዳል፤ እኅታችንና እኛ ከኋላ ነን። አቀበቱ ላይ መኪናይቱ ስትደክም እናታችን መንገዱን እያዩ «አባታችሁ ይህችን በሁለተኛ ማርሽ ነበር የሚወጧት» አሉ። ወንድም ጋሼም ማርሹን ለወጠ፤ ወጣችው።

ወጪያችንን በደብተሩ ብንደምር፣ መኪናይቱ ብትሸጥ ከምታወጣው ዋጋ የሚበልጥ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ አንባቢያችን ትርፍ ለማግኘት ብሎ በዚህ ሥራ እንዳይገባ እንመክረዋለን። ለትርፍ የሚፈልግ ሰው ሳይፈታት ይሽጣት፤ ቤተ ሰቡም በዚህ አይዘንበት። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ሰው የማይነካው፣ በተነሣም ቍጥር ጠብ የሚያመጣ የአባት ዕቃ ያለው ሰው ቢኖር፣ አስቀድሞ የገንዘቡን ልክ ያብጅ፤ ልጆቹን ከረጢት ያስይዛቸው፤ ዝገቱን ሳይፈቅፍቅ አይቀባ፤ ለበዓል ብሎም አይቸኵል።

እኛ አሁንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን። ብዙ የሚሠራ ነገር የለም፤ ዘይቷን እናያለን፣ ጎማዋን እንነፋለን፤ እናታችንም ቡና ያፈላሉ። ቺንጋውን ግን በሞተሩ ላይ አልገጠምነውም፤ ዘመኑ ስላለፈበት አዲስ ገዝተን፣ አባታችን ያስቀምጡበት በነበረው ስፍራ፣ በዚያው ጨርቅ ጠቅልለን አኑረነዋል።