ፋይሉ ተከፍቷል፤ ቁጥሩስ ደኅና ነው?

«አዘና» የሚለው ስም ለአንባቢ ሦስት ፊደል ነው። ዛሬ በስፋት በሚሠራበት የፊደል ኮድ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ ግን ለኮምፒውተሩ 9 ቁጥር ይሆናል፦ 225፣ 138፣ 160 «አ»፤ 225፣ 139፣ 152 «ዘ»፤ 225፣ 138፣ 147 ደግሞ «ና»። የአዊ ዞኗን ከተማ ስም የያዘ የጥናት ፋይል ሊኑክስ ላይ ተዘጋጅቶ ዊንዶውስ ላይ በኤክሴል በቀጥታ ሲከፈት፣ ማሽኑ እነዚህን ቁጥሮች 9 የአውሮፓ ፊደላትና ምልክቶች አድርጎ ሊያነባቸው ይችላል። አዘና ትጠፋና በቦታዋ ማንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ይደረደራል። እንዲህ ያለው ብልሽት ግን ከክፉው የሚሻለው ነው፤ ቢያንስ በዓይን ይታያል። የሚያስፈራው ፋይሉ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ሲከፈት፣ ሠንጠረዡም አምሮ ሲወጣ፣ ቁጥሩ ግን የተሳሳተ ሲሆን ነው።

በኢትዮጵያ አንድ የጥናት መረጃ ከቤት ደጃፍ እስከ መጽሔት ገጽ ሲጓዝ ብዙ ዓይነት ማሽን ያልፋል። መረጃ ሰብሳቢዋ የምትይዘው ታብሌት አንድሮይድ ነው። የተቆጣጣሪው ላፕቶፕ ዊንዶውስ፣ መረጃው የሚከማችበት ሰርቨር ብዙ ጊዜ ሊኑክስ፣ የመጨረሻዋ ተመራማሪ ኮምፒውተር ደግሞ ማክ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች በታብሌት ሲመዘግቡ፣ ፋይሉ በብሉቱዝ ወደ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም በኢንተርኔት ወደ አዲስ አበባ ይላክ ነበር። ያ ጥናት በ645 የናሙና ቦታዎች 16,650 ቤተሰቦችንና 15,683 ሴቶችን አነጋግሯል። ውጤቱ ለተመራማሪዎች ሲለቀቅ ስታታ፣ ኤስፒኤስኤስና ሳስ ለተባሉት የትንተና ሶፍትዌሮች በየራሳቸው መልክ፣ በተጨማሪም በተራ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ነው። ይህን ሁሉ ግልባጭ ማዘጋጀት ድካም ይመስላል፤ ምክንያቱ ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው።

አይቢኤም በ1964 እ.ኤ.አ. ሲስተም/360 የተባለውን ማሽን ሲያስተዋውቅ የፊደል አቆጣጠሩ የራሱ ነበር። ሌላው ዓለም በተስማማበት በአስኪ የላቲኑ ትልቁ «ኤ» 65 ሲሆን፣ በአይቢኤም ኤብሲዲክ ግን 193 ነው። የማግኔት ቴፕ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲሄድ ጽሑፉ ሁሉ መመንዘር ነበረበት። ቁጥሮችም አልቀሩም። ከአንድ ባይት በላይ የሚይዝ ቁጥር ሲቀመጥ አንዳንዱ ማሽን ከትልቁ ጫፍ ይጀምራል፣ ኢንቴል ግን ከትንሹ። ዳኒ ኮኸን በ1980 እ.ኤ.አ. በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ ጠቡን እንቁላል በየትኛው ጫፍ ይሰበር ብለው ከተዋጉት የጉሊቨር ልቦለድ ሰዎች ጋር አመሳስሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በአንዱ ዓይነት ማሽን 1 ተብሎ የተጻፈ ባለ ሁለት ባይት ቁጥር፣ በሌላው ዓይነት ሳይገለበጥ ቢነበብ 256 ይሆናል።

የመስመር መጨረሻም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ዩኒክስና ሊኑክስ አንድ ምልክት (ቁጥር 10) ይበቃቸዋል። ዶስና ዊንዶውስ ሁለት (13 እና 10) ይጽፋሉ፤ ይህም ከጽሕፈት መኪና ዘመን የተወረሰ ነው፤ አንዱ ጋሪውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ለመመለስ፣ ሌላው ወረቀቱን ወደ ላይ ለማንሳት። የቀድሞው ማክ ደግሞ 13ን ብቻ ይጠቀም ነበር። ለዚህ ነው የድሮ የማክ ፋይል በሌላ ማሽን ሲከፈት ሺህ ቤተሰብ በአንድ መስመር ላይ ተጣብቆ ይገኝ የነበረው።

ሶፍትዌሮቹም የተወለዱበትን ቤት ጠባይ ይዘው አደጉ። ኤስፒኤስኤስ በ1968 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ፣ ሳስም በዚያው ዘመን በኖርዝ ካሮላይና በትልልቅ ማሽኖች ላይ ተጀመሩ። ስታታ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ለግል ኮምፒውተር ተብሎ ነው። አር በ1990ዎቹ ከኒው ዚላንድ ተነሥቶ ከሁሉም ጋር ለመነጋገር የተገደደ የኋላ መጤ ነው። የቀደሙት ሁለቱ የመጓጓዣ ፋይል የሚባል መላ ዘየዱ። የኤስፒኤስኤሱ እያንዳንዱ 80 ሆሄ በሆነ መስመር የሚጻፍ ተራ ጽሑፍ ነበር። የሳሱ ቁጥሮችን በአይቢኤም አጻጻፍ ያስቀምጣል፣ የተለዋዋጭ ስም ከ8 ሆሄ እንዳይበልጥም ያስገድዳል። ይህ ያረጀ ገደብ ዛሬም በሕይወት አለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመድኃኒት ሙከራ መረጃ ሲቀበል የኖረው በዚሁ መልክ ነው።

አሁን በማሽኖቹ መካከል የነበረው ግድግዳ በአብዛኛው ፈርሷል። የስታታ ፋይል የትኛው ጫፍ እንደቀደመ ራሱ መግቢያው ላይ ይጽፋል፤ በዊንዶውስ የተቀመጠው በማክም በሊኑክስም ሳይቀየር ይከፈታል። የኤስፒኤስኤሱም እንዲሁ። ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤት ስታት/ትራንስፈር የተባለውን የፋይል መቀየሪያ ይገዛል፤ የሌለው ደግሞ ሄቨን የተባለውን ነጻ የአር ጥቅል ይጠቀማል፤ የስታታን፣ የኤስፒኤስኤስንና የሳስን ፋይል ያነባል። እንግዲህ ዛሬ የሚጠፋው ከቁጥሩ ይልቅ ከቁጥሩ ጋር አብሮ የነበረው ትርጉም ነው፦ ኮዱ ምን ማለት እንደሆነ፣ ባዶው ቦታ ለምን ባዶ እንደሆነ፣ ቀኑ በማን አቆጣጠር እንደተጻፈ።

ከእንጅባራ እስከ ጎንደር ባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ የጤና ጥናቶችን ያነበበ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃል፦ መረጃው በኢፒዳታ ገብቶ ለትንተና ወደ ኤስፒኤስኤስ ወይም ወደ ስታታ ተላከ። ኢፒዳታ ከዴንማርክ የመጣ፣ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ፣ በነጻ የሚገኝ የመረጃ ማስገቢያ ነው። ወደ ኤስፒኤስኤስ ሲልክ ሁለት ፋይል ይሰጣል፤ አንዱ ጥሬ ጽሑፍ፣ ሌላው ያን ጽሑፍ እንዴት ማንበብ እንደሚገባ የሚያዝ የትእዛዝ ፋይል። ትእዛዙ ውስጥ ጥሬው ፋይል የተቀመጠበት ሙሉ አድራሻ ተጽፏል፦ ዲስክ ሲ፣ እገሌ የሚባል ፎልደር። ተማሪው ሁለቱንም በፍላሽ ገልብጦ አማካሪው ኮምፒውተር ላይ ሲከፍታቸው ኤስፒኤስኤስ ፋይሉ የለም ይላል። አድራሻውን በእጅ ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙዎች ግን ይህን ስለማያውቁ ጥሬውን ብቻ በኤክሴል ይከፍቱታል፤ ያኔ «1 ወንድ፣ 2 ሴት» የሚለው ማብራሪያ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ኤክሴል በዚህ መስክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው፤ ሁሉም ቤት ይገኛል፣ ሁሉንም ፋይል ይከፍታል፣ ሳይጠየቅም ያርማል። በኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት (በቀድሞው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ) አሠራር አማራ ክልል 03 ነው። ኤክሴል ዜሮዋን ጥሎ 3 ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ «03» የሚል ካለው ሌላ ፋይል ጋር ለማገናኘት ቢሞከር አንዱም አይገጥምም። ከዚህ የባሰው ከዓለም ባንክ ጋር በሚሠራው የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት ፋይሎች ላይ የሚደርሰው ነው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ መለያ 18 አሃዝ አለው፤ መጀመሪያ ክልሉ፣ መጨረሻ ላይ የቤተሰቡ ተራ ቁጥር። ኤክሴል ግን ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም፤ የተረፈውን በዜሮ ይተካል። የፊቷ ዜሮ ወድቃ 17 አሃዝ ሲቀር የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 00 ይሆናሉ፤ በአንድ የቆጠራ ቦታ 002፣ 017 እና 033 የነበሩት ሦስት ቤተሰቦች አንድ መለያ ይኖራቸዋል። የአንዱ በቆሎ ለሌላው ይቆጠራል። ማስጠንቀቂያ የለም፤ ሠንጠረዡም አልጎደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መለያን ከመጀመሪያው እንደ ጽሑፍ ማስነበብ።

ያልተመለሰ ጥያቄም እንደየሶፍትዌሩ ጠባዩ ይለያያል። ስታታ የጎደለን መልስ ከማንኛውም ቁጥር የሚበልጥ አድርጎ ያያል፤ ሳስ ከሁሉም ያነሰ ያደርገዋል። «ዕድሜያቸው ከ49 በላይ የሆኑትን ምረጥ» የሚለው ትእዛዝ በሳስ ደኅና ይሠራል፤ ቃል በቃል ወደ ስታታ ሲገለበጥ ግን ዕድሜያቸው ያልታወቀውንም ይሰበስባል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ የቤተሰብ መዝገብ ደግሞ 98 «ዕድሜውን አላውቅም» ማለት ነው። ፋይሉ ወደ ተራ ጽሑፍ (ሲኤስቪ) ተለውጦ ማብራሪያው ሲጠፋ በየቀበሌው የ98 ዓመት ሽማግሌ ይበዛል።

የኢትዮጵያን መረጃ ከሌላው ሁሉ የሚለየው ግን ቀን ነው። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ቀንን ከራሱ መነሻ ይቆጥራል፦ ሳስና ስታታ ከጃንዩዋሪ 1960 መባቻ፣ አር ከጃንዩዋሪ 1970 መባቻ፣ ኤስፒኤስኤስ ደግሞ ጎርጎርዮሳዊው ካሌንደር ሥራ ላይ ከዋለበት ከኦክቶበር 1582 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰከንድ። የቀድሞው የማክ ኤክሴል ከ1904 ሲጀምር የዊንዶውሱ ከ1900 ስለሚጀምር፣ መነሻው ያልተስተዋለ ቀን ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ሲለጠፍ በ1,462 ቀን ይዛነፋል። ይህ ሁሉ የውጭው አቆጣጠር እርስ በርሱ ሳይስማማ ነው፤ የኛ ገና አልተነሣም።

የጤና ጥናቱ ቀኖች የተመዘገቡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ዓመቱ ላይ 1900 ተቀንሶ በ12 ይባዛና ወሩ ይደመርበታል፤ የካቲት 2008 ማለት 1302 ይሆናል። ይህን ኮድ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ለማምጣት 92 ወር፣ ማለትም 7 ዓመት ከ8 ወር ይጨመራል፤ 1394 ይመጣል፣ እርሱም ፌብሩዋሪ 2016 ነው። 92ን የረሳ ተመራማሪ ኢትዮጵያን በአንድ ዓመት ከተጠና ሌላ አገር ጋር ሲያነጻጽር የስምንት ዓመት ያህል ልዩነት ያስገባል። ጳጉሜንስ? ቀመሩ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ስለሆነ 13ኛዋ ወር ስታርፍበት ከመስከረም ጋር እኩል ኮድ ይወጣላታል። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የመረጃ ሥርዓት የኢትዮጵያን ካሌንደር ራሱ ስለሚያውቅ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ወሩን እንደለመደው ይሞላል፤ ጥያቄው የሚነሣው መረጃው ከዚያ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲሄድ ነው።

የግዕዝ ፊደል ታሪክ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ፊደሉ በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ቦታ እስኪያገኝ ድረስ፣ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝን የመሳሰሉት ሶፍትዌሮች አማርኛን የጻፉት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነበር። ያን ፎንት ያልጫነ ኮምፒውተር የሚያሳየው ትርጉም የለሽ የላቲን ሆሄ ነው፤ የሁለቱ ኮድ ደግሞ አይመሳሰልም። በዩኒኮድ እንደ አገውኛ ላሉት ቋንቋዎች የሚያስፈልገው የ«ጘ» ቤት እንኳ የራሱ ቁጥር አለው። ስታታ ግን ዩኒኮድን የተቀበለው በ14ኛ እትሙ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ 13ኛው እትም አማርኛውን በወጉ አያሳይም። ዓምዶች በቦታ ብቻ በሚለዩበት ተራ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ አንዱ ፕሮግራም በፊደል ሌላው በባይት ከቆጠረ፣ ባለ ሦስት ፊደሏ አዘና ከእርሷ በስተቀኝ ያለውን ሁሉ ስድስት ቦታ ታንሸራትታለች። መቼም በክፉ ውስጥ መልካም አይጠፋም፤ ማክ ለረጅም ዘመን የፈረንሳይኛን ባለ ምልክት ፊደል በፋይል ስም ውስጥ እየነጣጠለ ሲያስቸግር፣ የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ የማይነጣጠሉ ስለሆኑ በዚህ በኩል አርፈዋል።

ስለ መጓጓዣው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፍላሽ በቫይረስ ፎልደር ይደብቃል፤ ፋት32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ማክ በኤንቲኤፍኤስ ላይ ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍም። ለሊኑክስ በትልቅና በትንሽ የላቲን ሆሄ የተጻፉ ሁለት «አዊ» ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፣ ለዊንዶውስ አንድ።

ለዘመናት ሲፈራረቁ ከኖሩት መልኮች ሁሉ ዕድሜ የተቸረው ተራ ጽሑፍ ከኮድ መዝገቡ ጋር ነው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያለው አይፐምስ የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቆጠራዎችን ናሙና ለተመዘገቡ ተመራማሪዎች ሲሰጥ፣ መሠረቱ ዓምዶቹ የተለኩለት የጽሑፍ ፋይልና ለየሶፍትዌሩ የተጻፈ ማስነበቢያ ትእዛዝ ነው። የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ በነጻ የሚያድለው ሲኤስፕሮም ለረጅም ጊዜ የሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ መረጃው በአንድ ፋይል፣ መዝገበ ቃላቱ በሌላ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ድጋፉን ሲያቆም የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ፕሮግራም ሥራ ተቋርጦ ነበር። ፋይሉን ከነመዝገቡ አስቀድመው ያወረዱ ሥራቸው አልቆመም።

ለአራተኛው ቆጠራ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌት ተገዝቶ፣ ቆጠራው ግን በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ በዞን ደረጃ የመጨረሻው የተቆጠረ መነሻ አሁንም የ1999ኙ ነው። የዚያን ቆጠራ ሠንጠረዥ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው የሚያሻግር ሰው ሥራውን የሚፈትሽበት ቁጥር በእጁ አለ፦ አዊ ዞን 491,865 ወንድ፣ 491,077 ሴት፣ ድምሩ 982,942። ወረዳዎቹ ከተሻገሩ በኋላ ሲደመሩ ይህን ካልሰጡ፣ ወደ ትንተና ከመግባት በፊት የትኛው መስመር እንደወደቀ ወይም እንደተደገመ መፈለግ ይቀድማል።