ያውቁ ኖሯል? 194,313 እና የራጉኤል በዓል

የመርካቶው ቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ በዓሉ መስከረም 1 ነው። ዘንድሮ በዋለበት ዕለት፣ በዚሁ ወንጌላዊና በዚሁ አበቅቴ ሦስቱም ሳይዛነፉ ዳግመኛ እስኪውል 194,313 ቀን እንደሚፈጅ ያውቁ ኖሯል?

በዓመት 532 ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር ይሉታል። ወንጌላውያኑ 4፣ ዕለታቱ 7፣ የአበቅቴው ዑደት 19 ዓመት። ሦስቱ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው የሚገናኙት በብዜታቸው ላይ ብቻ ነው፤ 4 × 7 × 19። የአበቅቴው ዑደት በአንድ ጨምሮ 20 ቢሆን ኖሮ ሁሉም በ140 ዓመት ይገጥሙ ነበር!

194,313 ሲበተን 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል። 7 ስላለችበት ልክ 27,759 ሳምንት ነው፤ ትርፍ ቀን የለውም። 3 እና 487ስ? ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዘመነ ሉቃስን ጨምሮ የአራት ዓመት ቀናት 1,461 ናቸው፤ ይህም 3 × 487 ነው።

አሃዞቹን ይደምሩ፤ 1+9+4+3+1+3 = 21። ቁጥሩ ለዚሁ ለ21 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 9,253 ይደርሰዋል። ይህን ጠባይ ያላቸውን ቁጥሮች «ሐርሻድ» ብሎ የሰየማቸው ሕንዳዊው የትምህርት ቤት መምህር ካፕሬካር ነው።

የወንጌላውያኑና የዕለታቱ ብዜት፣ ዐውደ ፀሐይ የሚባለው 28 ደግሞ ፍጹም ቁጥር ነው፤ ከራሱ በቀር አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ ራሱን 28ን ይሰጣሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሊቃውንቱ በዚህ ስሌት የዘለቁት ዜሮ በሌለው የግእዝ አኃዝ መሆኑ ነው። ቁጥራችን በግእዝ ሲጻፍ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ነው።

ከራጉኤል ብዙም ሳይርቅ ታላቁ አንዋር መስጊድ አለ። በሠንጠረዥ የሚሰላው የሂጅራ አቆጣጠር የ30 ዓመት ዑደት 10,631 ቀን ነው። ይህ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው። ለ7 ስለማይካፈልም ዕለቱ ከዑደቱ ጋር የሚገጥመው በ210 ዓመት ነው።

አሁን ያለነው በ15ኛው ዐቢይ ቀመር ውስጥ ነው። ማክሰኞ መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ጀመረ፤ በ2480 ዓ.ም. ማብቂያ ይዘጋል።

የበዓሉን ዕለት ራስዎ ማውጣት ይችላሉ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይደምሩ፤ ለ2000 ዓ.ም. 7,500 ይመጣል። ለ4 ሲካፈል 1,875 ነው፤ ቀሪ ስለሌለው ዘመኑ ዮሐንስ ነው። ሁለቱን ደምረው 9,375ን ለ7 ሲያካፍሉ 2 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይቀጥላል፤ ቀሪ ከሌለ ሰኞ ነው። በእርግጥም የሚሌኒየሙ መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። ማካፈል የሚማር ልጅ ቤትዎ ካለ በተወለደበት ዓመት ያሠሩት።