እኛ ሳናይ የሚያረጁ ጎረቤቶች

አግነስ ክረምፕልቦተም ካገባች ብዙም ሳትቆይ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የምትኖረው "ዘ ሲምስ 3" በተባለው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ፣ ሰንሴት ቫሊ በምትባል ከተማ ነው። ጌሙን የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኛት ብቻዋን ስትኖር ነው። እኔ አግነስን አንድም ቀን አዝዣት አላውቅም። የእኔ ሰው አልማዝ ብዬ ስም ያወጣሁላት የሆስፒታል ሠራተኛ ነበረች፤ ጠዋት ሥራ እልካታለሁ፣ ማታ ራቷን አበላታለሁ፣ ወር በገባ ቁጥር የቤት ዕቃ አማርጥላታለሁ። አንድ ምሽት አልማዝን መናፈሻ ይዣት ብሄድ አግነስ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ማን እንዳገባት አላየሁም፣ ሠርጓን አልበላሁም፣ የነገረኝም የለም። ትንሽ ቆይታ ሸበተች። ከዚያ ቤቷ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ገቡ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ስታገል ውዬ ማታ ላፕቶፔን የምከፍተው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። ብዙ ሰው ጌም ሲባል ተኩስና እግር ኳስ ይመስለዋል። የኑሮ ጌም የሚባለው ዘርፍ ግን ማሸነፍም መሸነፍም የለበትም፤ ሰው ይበላል፣ ይተኛል፣ ይቀጠራል፣ ይጣላል፣ ይወልዳል። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ተጫዋቹ የሚያዘው ሰው ሳይሆን ከጀርባ ወዲያ ወዲህ የሚለው አጃቢ ነው። ማንም ሳያዘው ምን እያደረገ ይውላል? ማን ነው ኑሮውን የሚወስንለት?

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1991 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከባድ ቃጠሎ ተነሥቶ ዊል ራይት የተባለ የጌም ባለሙያ ቤቱ ከነንብረቱ ወደመበት። ኑሮውን ከማንኪያ ጀምሮ እንደገና ሲያደራጅ ሰው ለምን ይህን ዕቃ ገዝቶ ያንን ይተዋል የሚለው ጥያቄ ያዘው። ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ የሚሠራበት ማክሲስ የተባለው ድርጅት በ2000 የመጀመሪያውን ዘ ሲምስ አወጣ።

በዚያ ጌም ውስጥ ብልሃቱ ያለው ሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን ዕቃዎቹ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሰው ስምንት ፍላጎቶች አሉት፤ ረሃብ፣ እንቅልፍ፣ ንጽሕና፣ መጸዳጃ፣ ምቾት፣ መዝናናት፣ ከሰው ጋር መጫወትና የቤቱ ውበት። ፍሪጁ "እኔ ረሃብ አስታግሳለሁ" እያለ ያስተዋውቃል፤ አልጋው በበኩሉ "እኔ ጋ ጋደም በል" ይላል። ሰውዬው የቱ ፍላጎቱ እንደጎደለ ያይና ከሁሉም የበለጠ ወደሚጠቅመው ዕቃ ይሄዳል። ሆዱ ሞልቶ ከሆነ ፍሪጁ ቢጮህም አይሰማውም። ሌባ ጣትዎን ሳያነሡ ቁጭ ብለው ቢያዩት እውነተኛ ሰው ይመስላል፤ ተነሥቶ ሻወር ይገባል፣ ሶፋ ላይ ይዘረጋል፣ ጎረቤት መጥቶ በር ሲያንኳኳ ወጥቶ ያወራል።

ይህ ብልሃት ግን አንድ ከሰዓት በኋላን ለማሳለፍ እንጂ ዕድሜ ለመግፋት አይበቃም። ፍሪጅ ሰውን ሊያበላ ይችላል፤ ሊድር፣ ሊያጭና ሊያስረጅ አይችልም። በመጀመሪያው ጌም ሕፃን ተወልዶ በሦስት ቀን ልጅ ይሆንና በዚያው ይቀራል፤ ዘላለም ተማሪ ነው። ጎረቤቶቹም ያው ናቸው።

በ2004 የወጣው ዘ ሲምስ 2 ዕድሜን አመጣ፤ ሰው ከሕፃንነት እስከ ሽምግልና ደርሶ ይሞታል። ነገር ግን ሰዓቱ የሚቆጥረው እርስዎ በገቡበት ቤት ብቻ ነው፤ የቀረው ሰፈር እንደቆመ ይቆያል። የእርስዎ ልጅ ኮረዳ ሆና የክፍል ጓደኛዋን ቤት ብትጋብዝ የምትመጣው ያችው ትንሽ ልጅ ናት። ፕሌዘንትቪው በሚባለው ሰፈር ዶን ሎታሪዮ የተባለ ወንድ ካሳንድራ ጎዝን አጭቶ ከሁለቱ የካሊየንቴ እኅትማማቾች ጋር ደግሞ ይወሰልታል። እነሱ ቤት ካልገቡ በቀር ጉዱ ሳይወጣ፣ ሠርጉም ሳይደርስ፣ መቶ ዓመት ቢሆን እንደታጨ ይኖራል። ይህን የሚወዱ ተጫዋቾች አሉ፤ ቤቶቹን በየተራ እየገቡ የሁሉንም ዕጣ ራሳቸው ይጽፋሉ። እኔ ግን ሁሉን የማውቅበት ሰፈር ይሰለቸኛል።

ለውጡ የመጣው በ2009 በዘ ሲምስ 3 ነው። የከተማው በር ሁሉ ተከፈተ፣ ሰዓቱም ለሁሉም እኩል መቁጠር ጀመረ። ዐዋቂ የሆነ ሰው ሁሉ አምስት ጠባይ ይሰጠዋል፤ ሰነፍ፣ ቁጡ፣ ቤተሰብ ወዳድ፣ ማሽኮርመም የሚወድ እያለ ይሄዳል፤ ዝርዝሩ ከ60 በላይ ነው። ከጠባዩ በላይ ደግሞ ተጫዋቾች ስቶሪ ፕሮግረሽን የሚሉት አሠራር አለ። እሱ እንደ እድር ጸሐፊ ነው፤ መዝገቡን ይዞ ስንት አባወራ አለ፣ የቱ ቤት ባዶ ነው፣ ማን ሥራ ፈትቷል ብሎ ያያል። ጎደሎ ሲያይ ይሞላል፤ ለአንዱ ሥራ ይሰጣል፣ ሁለቱን ያጋባል፣ አንዱን ከከተማ ያስወጣል፣ አዲስ ቤተሰብ ያስገባል። ኮምፒውተሩ የመላውን ከተማ ሰው እርምጃ በእርምጃ ማንቀሳቀስ ስለማይችል ከፊትዎ ያለው ሰው ብቻ ማንኪያ ሲያነሣ ይታያል፤ ከዓይን የራቀው ኑሮው በጥቅሉ ይሰላል። አግነስ ፍቅር ይዟት ሳይሆን በመዝገቡ ላይ አግብታ ሊሆን ይችላል። መናፈሻው ውስጥ ልጇን ይዛ ሳያት ግን ይህን ማን ያስባል።

ከሁሉ የምወደው የጎዝ ቤተሰብ ነገር ነው። በመጀመሪያው ጌም ሞርቲመርና ቤላ ጎዝ ካሳንድራ የምትባል ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው። ዘ ሲምስ 3 ታሪኩን 25 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ሞርቲመርና ቤላ በሰንሴት ቫሊ ጓደኛሞች የሆኑ ልጆች ናቸው። ተጫዋች ሁሉ እንደሚጋቡ ያውቃል። ከተማዋ ግን አታውቅም። እኔ ጋ ሞርቲመር አድጎ ሌላ ሴት አገባ፣ ቤላም በበኩሏ ሌላ ቤት ገባች። ካሳንድራ አልተወለደችም። ያ ሁሉ የተጻፈ ታሪክ በአንድ ከተማ የዘፈቀደ ውሳኔ ተሰረዘ፤ እኔ ደግሞ የዚያን ጊዜ አልማዝን ወጥ ቤት ወለል እያስጠረግሁ ነበር።

አሠራሩ ጉድ ነበረበት፤ አልደብቅም። የአልማዝ የቅርብ ጓደኛ ደኅና ዋይ ሳትል ከተማ ለቅቃ ጠፋች፤ ስልኩ ላይ ስሟን ብፈልግ የለችም። አንዳንዷ ያለ አባት ትወልዳለች፣ ሰላም የነበረ ትዳር በማግሥቱ ይፈርሳል። ይህ ያበሳጫቸው ተጫዋቾች ራሳቸው ማሻሻያ ጽፈው ነፃ አደሉ፤ ኤንራስ የሚባለው በጣም የታወቀ ነው። እሱን የጫነ ሰው ከተማው ማንን እንዳይነካ፣ ምን ምን ወሬ እንዲደርሰው መምረጥ ይችላል።

በ2014 የወጣው ዘ ሲምስ 4 በዚህ ረገድ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጎረቤቶች ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፤ ሳያገቡና ሳይወልዱ ግን። ጥቂት ትውልድ ከተጫወቱ በኋላ የድሮዎቹ አልቀው ከተማው ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ በፈጠራቸው ሰዎች ይሞላል። ተጫዋቹ ዓመታት ካጉረመረመ በኋላ በኅዳር 2021 የጎረቤት ታሪኮች የሚል አሠራር ገባ፣ በመጋቢት 2022 ሰፋ። አሁን ጎረቤት ይቀጠራል፣ ይወልዳል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ቤት ይቀይራል። አንዳንዴ ደውሎ ያማክራል።

የእኅቴ ልጅ በዚህ ትስቃለች። በቀደም ለት እየጮኸች ጠራችኝ፤ "አክስቴ፣ ነይ እስቲ እዪ! ይቺ ሴትዮ ሥራ ልልቀቅ ወይ ብላ እኔን ትጠይቃለች።"

"ምን አልሻት?"

"በቃ ልቀቂ አልኳታ።"

"ልጆች የሏትም?"

"እኔ ምን አውቄ!"

የሚያማክር ጎረቤት የዘ ሲምስ 3ቱን ያህል አያስደነግጥም። ወሬው ቀድሞ ስለሚደርስዎ መናፈሻ ውስጥ የሚያስደንቅዎት ነገር ይቀንሳል። ለጀማሪ ግን ይሻላል፤ ያጣሁት ሰው የት ገባ ብሎ የሚብሰለሰል አይኖርም።

ሌሎች ጌሞች ሌላ መንገድ ይዘዋል። ኤሪክ ባሮን ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ለፍቶ በ2016 ያወጣው "ስታርዲው ቫሊ" ውስጥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሰዓት የተጻፈ መርሐ ግብር አለው። ኬንት የተባለው ወታደር በሁለተኛው ዓመት ከጦርነት ይመለሳል። ጃስና ቪንሰንት የሚባሉት ልጆች ግን አሥር ዓመት ቢጫወቱ አያድጉም፤ ፔኒ የምትባለው ወጣት ያንኑ ትምህርት ታስተምራቸዋለች። ጌሙን ይህ አልጎዳውም፤ እያንዳንዱ ጎረቤት በሰው እጅ የተጻፈ ስለሆነ ንግግሩ ጣዕም አለው። በዘፈቀደ የሚኖር ጎረቤት ደግሞ ሕይወት ይኖረዋል እንጂ የሚናገረው ቁም ነገር የለውም። ሁለቱን በአንድ ላይ ያጣመረ ጌም እስካሁን አልተጫወትሁም።

ሙከራው ግን አለ። በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች ስሞልቪል የምትባል፣ ዘ ሲምስን የምትመስል ትንሽ ከተማ ሠርተው 25 ሰዎች አኖሩባት። የእያንዳንዱ ሐሳብና ንግግር የሚመጣው ያኔ ከቻትጂፒቲ ጀርባ ከነበረው የቋንቋ ሞዴል ሲሆን ያየውንና የሰማውን እየመዘገበ በዚያ ላይ ያቅዳል። ተመራማሪዎቹ ለአንዷ፣ ካፌ ላላት ኢዛቤላ፣ የቫለንታይን ቀን ግብዣ የማድረግ ሐሳብ ብቻ ሰጧት። ጥሪውን እሷው አዳረሰች፣ የሰሙትም ለሌላ አወሩ፣ ካፌውንም የምታስጌጥላት ጓደኛ አገኘች። ከተጠሩት 12 ሰዎች 5ቱ መጡ። (አዲስ አበባ ቢሆን ያልተጠራውም ይመጣ ነበር።) ሁለት ቀን ለፈጀው ለዚህ የከተማ ኑሮ የወጣው የኮምፒውተር ወጪ ከፍተኛ ስለነበር በየቤታችን ላፕቶፕ ላይ ቶሎ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም።

መሞከር ለሚፈልግ ሰው፣ የዘ ሲምስ 4 መነሻ ክፍል ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ሲጀምሩ የቤተሰቦች ማስተዳደሪያ የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፤ የጎረቤት ታሪኮች ማስተካከያ እዚያ አለ። ለሚወዱት ቤተሰብ አሠራሩን ይዝጉት፣ የቀረውን ሰፈር ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፣ የድሮውን ጨዋታ ለየብቻ ሴቭ አድርገው ያስቀምጡ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ትውልድ ሳይነኩ ይተዉዋቸውና ጎረቤት ቤት እየገቡ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ይጠይቁ።