ዲጂታል መታወቂያ፣ አሻራና ስልክ፦ ጥናቶች ለተገልጋዩ የሚጠቁሙት

በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ መታወቂያ አንዱን ነዋሪ ከሌላው የሚለየው በአሥሩ ጣቶች አሻራ፣ በሁለቱ ዓይኖች አይሪስና በፊት ምስል ነው። ተመዝጋቢው 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ያገኛል፤ ምዝገባውም ያለ ክፍያ ይከናወናል። ሥራው ሲታይ የምሕንድስና ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች በሰዎች ኑሮ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ የሚመረምሩት የኮምፒዩተር ሳይንስ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የሕግና የሶሲዮሎጂ ባለሙያዎች በጋራ ናቸው። መሣሪያው አሻራን ለምን እንደማያነብ መሐንዲሱ ያውቃል፤ ያልተነበበለት ሰው በዚያ ዕለት ምን እንደሚያጣ ግን በመሣሪያው ላይ አይታይም።

በዚህ ረገድ በስፋት የተጠናችው አገር ሕንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው አድሃር የተሰኘው መታወቂያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎችን መዝግቧል። በጃርክሃንድ ግዛት በድጎማ የሚታደለውን እህል ለመቀበል አሻራን ማረጋገጥ ግዴታ በሆነ ጊዜ፣ ብክነትን ለመከላከል የታሰበው አሠራር እህሉ የሚገባቸውን አንዳንድ ችግረኞች ጭምር ማስቀረቱን የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ምክንያቶቹ እንደ ኔትወርክ መቋረጥ፣ የአሻራ አለመነበብና የዕደላ ካርድ ከመታወቂያ ቁጥሩ ጋር አለመገናኘት ያሉ፣ ሲታዩ ጥቃቅን የሚመስሉ ነበሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 መታወቂያው ለመንግሥት ድጋፍ እንዲያገለግል ፈቅዶ፣ ለባንክ ሂሳብና ለስልክ መስመር ግዴታ መሆኑን ሽሯል። ፋይዳ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር የበለጸገው በዚያው በሕንድ፣ በባንጋሎር በመሆኑ ይህ ልምድ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በድንጋይ፣ በሲሚንቶ፣ በእርሻና በአጠባ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች የጣቶቻቸው መስመሮች ይደበዝዛሉ፤ ዕድሜም ቆዳን ያደርቃል። ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል በጥራት መነሣታቸው ለእነዚህ ወገኖች ከማንም በላይ ይጠቅማል። አሻራው ያልተነበበለት ተገልጋይ ጉዳዩን ትቶ ከመመለስ ይልቅ በሌላ መንገድ እንዲረጋገጥለት መጠየቅ ይገባዋል።

የስም ጉዳይም አለ። በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በቅደም ተከተል ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም በፓስፖርት፣ በባንክና በትምህርት ማስረጃ ላይ በተለያየ አጻጻፍ ይገኛል። የልደት ቀንም በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል በቀላሉ ይዛባል። መዝጋቢው ያስገባውን ጽሑፍ ተመዝጋቢው ከማጽደቁ በፊት ፊደል በፊደል ቢያነብ፣ ወይም ማንበብ ለማይችል ቢነበብለት፣ በኋላ ለማረም ከሚደረግ ምልልስ ይድናል። የሰነድ ማስረጃ የሌለው ነዋሪ በምስክር የሚመዘገብበት አግባብም በአዋጁ ተደንግጓል።

ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፈው የስልክ ቁጥሩ ነው። የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው በምዝገባ ወቅት ወደተሰጠው ስልክ ነው። በአንድ ስልክ በሚጠቀም ቤተሰብ ውስጥ ሚስት በባሏ፣ እናት በልጇ ቁጥር ከተመዘገበች፣ ኮዱን የያዘው ሰው በሌለበት ጉዳይዋን መፈጸም አትችልም፤ ኮዱም በእርሷ ምትክ በሌላ ሰው እጅ ይገባል። የራስዋ መስመር ያላት ሁሉ በራስዋ ቁጥር መመዝገብ ይኖርባታል፤ ቁጥር የቀየረም ሰው መረጃውን ማደስ አለበት። ኮዱን ለደላላም ሆነ ለማንኛውም ጠያቂ መንገር አይገባም። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተት ሲኖር እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው።