በሚዛን የማይሸጥ ጌጥ

ጥሩር የጥንት ጦረኛ ደረቱን ከሰይፍ የሚጠብቅበት፣ ከብረት ቀለበት እየተያያዘ የሚሠራ ልብስ ነበር። ዛሬ በዚሁ አሠራር ከባለቀለም ቀለበት የአንገትና የእጅ ጌጥ ይሠራል። ሥራው የሚጠይቀው ሽቦ፣ መቁረጫና ሁለት ፒንሳ ስለ ሆነ፣ ፋብሪካና መጋዘን በበዛበት፣ የገቢ ዕቃም በጉምሩክ በሚፈተሽበት በአቃቂ ቃሊቲ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሊካሄድ ይችላል።

አስቸጋሪው የዋጋው ነገር ነው። የአገራችን አንጥረኞች ድሪና አልቦ ለመሥራት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል የተቀረጸበትን የማርያ ቴሬዛ ብር ያቀልጡ ነበር። የአንዱ ብር ክብደት 28 ግራም ያህል፣ ማለት አንድ ወቄት ስለ ነበረ፣ ገዢው ጌጡን አስመዝኖ የእጅ ዋጋ ይጨምርበታል። አሉሚኒየም ግን ከብር ክብደት ሩቡን ያህል ብቻ ይመዝናል። በሚዛን ቢሸጥ ሠሪው ለድካሙ ምንም አያገኝም፤ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቀለበት ከሌሎች አራት ቀለበቶች ጋር በእጅ ይያያዛልና።

ነጋዴው ከመግዛቱ በፊት ቀለሙን ይመርምር። የመዳብና የናስ ቀለም የራሳቸው ነው፤ በላብ ይጠቁራሉ እንጂ አይላጡም። የአሉሚኒየም ቀለም ግን በአሲድ ውስጥ በኤሌክትሪክ በተፈጠረ ስስ ገጽ ላይ የተነከረ ነው። ሽቦው ተነክሮ ኋላ የተቆረጠ እንደ ሆነ በመጋጠሚያው ላይ ነጭ ይታያል፤ ተቆርጦ የተነከረው ይህ ነውር የለበትም።

ከዚያም ጌጡን በነጠላ ላይ ይጎትተው። ክር የሚመዝ ከሆነ ቀለበቱ አልገጠመም፤ ነጠላዋ የተተለተለባት ደንበኛም ወደዚያ ሱቅ አትመለስም።